በሊሎንግዌ “ሜዳችን” ላይ፦ የአዲስ አበባ ስታዲየም ታሪክ

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ጎሎቹን ዳዋ ሆቴሳ እና ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩ። በመርሐ ግብሩ ላይ “ባለሜዳ” ተብላ የተጻፈችው ኢትዮጵያ ናት። ጨዋታው የተካሄደው ግን በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። ዋልያዎቹ በሜዳቸው ነው ያሸነፉት፤ ሜዳቸው ግን ከአዲስ አበባ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ልክ ከ60 ዓመት በፊት፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ይኸው ብሔራዊ ቡድን ያችኑ ግብፅን አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ስታዲየም ነበር። ያ ስታዲየም ዛሬም አለ። አልፈረሰም፤ አልተቃጠለም፤ ጦርነት አላወደመውም። ለኢንተርናሽናል ጨዋታ አይሆንም ስለተባለ ብቻ ቡድኑ ስደተኛ ሆነ።

አንድ ስታዲየም ከአፍሪካ እግር ኳስ መዲናነት ተነስቶ እዚህ እንዴት ደረሰ? ታሪኩ ስለ ኳስ ብቻ አይደለም። አንዲት ከተማ የሠራችውን ስለመጠበቅና ስላለመጠበቅም ነው።

▪️ ከስታዲየሙ በፊት

ኳስ ወደ አዲስ አበባ የገባው የውጭ አገር ሰዎች ይዘውት ነው። በከተማዋ የነበሩት አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው። በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመሠረት የአገሬው ሰው በራሱ ስም የሚሰለፍበት ክለብ አገኘ። ዓመቱን ልብ ይሏል፤ የፋሺስት ጦር አገሪቱን የወረረበት ዓመት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለአዲስ አበባ ልጆች ከክለብም በላይ ሆኖ የኖረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን። የያኔዋን አዲስ አበባ ለመሳል ከዚህ የድልድል ዝርዝር የተሻለ ካርታ አይገኝም። ትናንት የወረረውም፣ በነፃ አውጪነት የመጣውም፣ ለንግድ መጥቶ የቀረውም፣ የአገሩ ባለቤትም በአንድ ሜዳ ላይ ይጋጠሙ ነበር።

በኋላ የጦሩ መቻል መጣ፤ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር መጣ፤ የአስመራ ክለቦች መጡ። ኳሱ ከማኅበረሰብ ጨዋታነት ወጥቶ የአገር ጉዳይ ሆነ። የአገር ጉዳይ ደግሞ የአገር ሜዳ ይፈልጋል። በንጉሠ ነገሥቱ ስም “ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም” የተባለው፣ ከለገሀር ባቡር ጣቢያና ከመስቀል አደባባይ መካከል ያለው ሜዳ ያን ቦታ ያዘ።

▪️ ጥር 13 ቀን 1954

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲመሠረት መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። በዚያው ወር በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ መግጠም የነበረባት ደቡብ አፍሪካን ነበር። የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልክም በማለቱ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው፣ አድ ዲባ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ሆነ።

ስለዚህ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የቆየ ሒሳብ ነበር። የተወዳደሩት አራት አገሮች ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና በወቅቱ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ሁሉም ጨዋታ የተደረገው በዚሁ ስታዲየም ነው።

ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ከቱኒዚያ ጋር ስትጫወት ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ጎል ተቆጠረባት። ቡድኑ ግን አልተበተነም። አራት አግብቶ 4 ለ 2 ወጣ። በፍጻሜውም ታሪኩ ተደገመ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። አንዴ በግርማ ተክሌ፣ አንዴ ደግሞ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በአምበሉ በሉቺያኖ ቫሳሎ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አገባ፤ መንግሥቱ ወርቁ ዘጋው። 4 ለ 2። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ቡድኑን የመራው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበረ፣ ብሔራዊ ቡድኑን ያሠለጠነ፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ካፍን በፕሬዚዳንትነት የመራ ሰው። አፓርታይድን ከዓለም እግር ኳስ ለማስወጣት በተደረገው ረጅም ትግል ውስጥ ስሙ ከፊት ይነሳል። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1968 ዓ.ም. ሲያባርር ካፍን ይመራ የነበረው እሱ ነው።

በእነዚያ ዓመታት የአዲስ አበባ ስታዲየም ብቻውን አልነበረም። በእግር ከሚደረስበት ርቀት ላይ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት እዚያ ነው። የአፍሪካ ፖለቲካም የአፍሪካ ኳስም በአንድ ሰፈር ይመከርባቸው ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። እንዲያውም ኳሱ ቀድሟል፤ ዋንጫው ከድርጅቱ ከዓመት በላይ ይቀድማል።

አንድ ሌላ ነገርም መነሳት አለበት። ያ ቡድን ዛሬ ቢፈለግ በአንድ ባንዲራ ሥር አይሰበሰብም። ሉቺያኖና ኢታሎ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ የአስመራ ልጆች ናቸው። ዋንጫው በተነሳ በ10 ወሩ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ሉቺያኖ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጣ፤ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ በጣሊያን አረፈ። የኢትዮጵያን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ በአምበልነት ያነሳ ሰው የኖረውም የሞተውም በስደት ነው። ቡድኑም በኋላ ስደተኛ ሆነ። ነገሩ ምጸት ቢመስልም እውነቱ ይኸው ነው።

▪️ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ

ስታዲየሙ በመንግሥት ተሠራ፤ በንጉሥ ስም ተጠራ፤ የውስጡን ስም ያወጣው ግን ተመልካቹ ነው። ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ። እነዚህን ስሞች የትኛውም መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አላጸደቃቸውም።

ስሞቹን ላስተዋለ የአገር ታሪክ አለባቸው። ካታንጋ በ1952 ዓ.ም. ከኮንጎ ተገንጥያለሁ ያለች፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪነት የዘመቱባት አገር ግዛት ስም ነው። ጥላ ፎቅ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ፀሐይና ዝናብ የማይነካው የተሻለ ከፍሎ የሚገባበት ቦታ ነው። ከማን አንሼ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ኑሮን በአንድ ሐረግ የጨረሰበት ነው። ክቡር ትሪቡን ለመቀመጥ አልተጠራም፤ ካታንጋ ግን አልወርድም ይላል፤ ከማን አንሼ!

በዚህ ሜዳ ሚኒስትሩና ሊስትሮው ተመሳሳይ ጎል በተመሳሳይ ሰዓት ያያሉ። መቀመጫው ይለያያል፤ ዝናቡም አንዱን ነክቶ ሌላውን ይተዋል። ጎሉ ሲገባ ግን የሚነሳው ሁሉም ነው። በአንዲት ከተማ ውስጥ ይህ የሚሆንበት ቦታ ብዙ የለም።

ከዚያም በላይ ስታዲየሙ ገበያ ነበር። በዙሪያው ማልያ፣ ጫማ፣ ዋንጫና ሜዳሊያ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል። ከየክፍለ ሀገሩ ለሰፈር ውድድር ዋንጫ የሚገዛ ሰው “ስታዲየም” ብሎ ነው የሚመጣው። ስሙ ከሕንፃው አልፎ የሰፈሩ መጠሪያ ሆነ፤ ታክሲው “ስታዲየም! ስታዲየም!” ይላል፤ ቀላል ባቡሩም በዚሁ ስም የሚቆምበት ጣቢያ አለው።

▪️ ሥርዓት ሲቀያየር

በ1960 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በድጋሚ መጣ። በዚህ ጊዜ ስምንት አገሮች ተካፈሉ፤ ጨዋታዎቹም በአዲስ አበባና በአስመራ ተከፈሉ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተረታች። ጥር 12 ቀን በተደረገው ፍጻሜ ኮንጎ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ዘመኑ ተለውጧል። 1968 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደዋል፤ አጠገቡ ያለው መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተብሏል። ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሄዱ። ኢትዮጵያ ከምድቧ ማለፍ አልቻለችም። መጋቢት 5 ቀን በዚሁ ስታዲየም በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ጊኒ ስትመራ ቆይታ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ሞሮኮ አቻ አደረገች። አንድ አቻ ለሞሮኮ በቂ ነበር፤ የመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫዋን ከአዲስ አበባ ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም። ስታዲየሙ ግን አልተዘጋም። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ሴካፋ፣ ፍጻሜ ላይ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ ሻምፒዮን ሆነች። ረሃቡም ጦርነቱም ባደቀቀው በዚያ ዘመን ሰው በአደባባይ በደስታ የጨፈረበት ቀን ነው። የደምሴ ዳምጤ የስርጭት ድምፅ እስከ ዛሬ ከዚያ ጨዋታ ጋር ይነሳል።

ሥርዓቱ እንደገና ሲቀየር ሜዳው ቀጠለ። ጊዮርጊስና ቡና የሚገናኙበት የሸገር ደርቢ የከተማዋ ትልቁ ቀጠሮ ሆነ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና እዚሁ ተስተናገደ።

▪️ የመጨረሻው ታላቅ ዓመት

2005 ዓ.ም. ለስታዲየሙ የተለየ ዓመት ነው። ጥቅምት 4 ቀን ዋልያዎቹ ሱዳንን ገጠሙ። በመጀመሪያው ጨዋታ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው ነበር የመጡት። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አገቡ፤ 2 ለ 0። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጪ በተቆጠሩ ጎሎች ኢትዮጵያ አለፈች። ከ1974ቱ ውድድር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከ31 ዓመት ቆይታ በኋላ፣ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ።

ሰኔ 9 ቀን ደግሞ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ መጣች። በ1949 ዓ.ም. በአፓርታይድ ምክንያት ሳትገጥመን የቀረችው ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ ለመጨረሻው ዙር ስትመጣ ዓለም ዋንጫ ሁለት ጨዋታ ብቻ ይቀረው ነበር። በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞ አገባ፤ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ ሁለት መለሰ። ሕልሙ በመልሱ ጨዋታ ካላባር ላይ አበቃ።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የታየው ያኔ ነው። አንደኛ፣ የሕዝቡ ፍላጎት። ትኬት ለመቁረጥ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፏል። 35 ሺህ ገደማ ይይዛል የሚባለው ስታዲየም ለዚያ ሁሉ ሰው አልበቃም። ሁለተኛ፣ የስታዲየሙ ዕድሜ። ሰው በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተደራርቦ ተቀምጦ ለሰዓታት ይጠብቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ሜዳው ይጨቀያል፤ መጸዳጃውም መግቢያውም የድሮ ነው። ማስጠንቀቂያው በግልጽ የሚታይ ነበር። ደስታው ግን ሸፈነው።

▪️ በሩ የተዘጋበት ምክንያት

ካፍ ለኢንተርናሽናል ጨዋታ የሚጠይቃቸው ነገሮች ምሥጢር አይደሉም። ደረጃውን የጠበቀ የመጫወቻ ሣር፣ የመልበሻ ክፍሎች፣ ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ወንበር፣ መብራት፣ የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ክፍል፣ የጋዜጠኞች ሥፍራ፣ የድንገተኛ መውጫ። መስፈርቱ ሲጠብቅ ብዙ የአፍሪካ ስታዲየሞች ወደቁ። የአዲስ አበባውም ወደቀ። ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ባሕር ዳር ለጊዜው ታዳገ፤ ብዙም ሳይቆይ እሱም ታገደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ህዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጋናን “በሜዳዋ” ጆሃንስበርግ ላይ አስተናገደች። በ1949 ዓ.ም. በዘር ምክንያት ከአፍሪካ ዋንጫ የወጣች አገር፣ የአፍሪካ ዋንጫ መሥራች ለሆነችው ኢትዮጵያ ሜዳ አከራየች። ሊሎንግዌ ተከተለ። ከዚያም የሞሮኮዋ ኤል ጃዲዳ፣ ከዚያም ዳሬሰላም።

ይህ ዋጋ አለው። የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉና የሜዳ ኪራዩ ወጪ አንድ ነገር ነው። የትኬት ገቢ ጨርሶ የለም፤ ይህም ሁለተኛ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ግን በገንዘብ አይለካም። በዚህ ጊዜ ያደጉ የአዲስ አበባ ልጆች ብሔራዊ ቡድናቸውን በዓይናቸው አላዩም። ፕሪሚየር ሊጉም ወደ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳርና ጅማ እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ የከተማዋ ሁለት ታላላቅ ክለቦች ደጋፊዎች ቡድናቸውን ለማየት ወይ መንገደኛ ወይ የቴሌቪዥን ተመልካች ሆነዋል። እነዚህ ወጣቶች የእንግሊዝ ክለብ ቢመርጡ ማን ይወቅሳቸዋል? በአካል የሚያዩት የራሳቸው ክለብ የላቸውም።

▪️ አዲስ መሥራትና ያለውን መጠበቅ

“ገንዘብ ስለሌለ ነው” የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ግን አያስኬድም። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በየክልሉ ግዙፍ ስታዲየሞች ተጀምረዋል። ብዙዎቹ የመሠረት ድንጋይ፣ ሪባንና ፎቶ አላቸው፤ የካፍን መስፈርት አሟልቶ በዚያው የዘለቀ ግን አልተገኘም። በአዲስ አበባም ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ብር ወጥቷል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

የጎደለው የጥገና ባህል ነው። ለአዲስ ሥራ ምረቃ አለው፤ እንግዳ ይጠራበታል፤ ስም ይጻፍበታል። የመጸዳጃ ቧንቧ ለቀየረ ግን ማንም ሪባን አይቆርጥለትም። የአዲስ አበባ ስታዲየም በአንድ ቀን አልወደቀም። አንድ ዓመት ሣሩ፣ አንድ ዓመት መብራቱ፣ አንድ ዓመት ጣሪያው “ለከርሞ” እየተባለ ተከማችቶ ነው። በየዓመቱ በጥቂት ሊጠገን የሚችለው ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ የማይቻል ዕዳ ሆነ። እድሳቱ ሲጀመርም ሥራው ሜዳውን ለዓመታት መዝጋት ጠየቀ።

እዚህ ላይ “ትልቁ ስታዲየም ሲያልቅ የድሮው ምን ያደርጋል?” የሚል ሐሳብ ይሰማል። ቦታው የከተማዋ እምብርት ነው፤ መሬቱ ውድ ነው፤ በአሁኗ አዲስ አበባ ደግሞ ስንት አሮጌ ሰፈር በአጭር ጊዜ ውስጥ ታሪክ ሆኗል። ሐሳቡ በአዲስ ልማት ጉጉት ለተያዘ ሰው ሊያሳምን ይችላል።

ግን ሁለቱ ስታዲየሞች አንድ ሥራ አይሠሩም። 60 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም በዓመት ለጥቂት ቀናት ይሞላል። የሊግ ጨዋታ፣ የሴቶች ውድድር፣ የትምህርት ቤቶች ፍጻሜ፣ የወጣቶች ዋንጫ በየሳምንቱ የሚፈልገው መካከለኛ፣ በታክሲና በባቡር የሚደረስበት፣ ከሥራ መልስ በእግር የሚገባበት ሜዳ ነው። ያ ሜዳ አስቀድሞ አለ። ባቡሩም በሩ ላይ ይቆማል።

ታሪኩም ሌላ ምክንያት ነው። ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ ያስተናገደ፣ አንዱን አገሩ ያነሳችበት፣ ሦስት ሥርዓት ያየ ሜዳ በየትም አገር ቢሆን ቢያንስ አንድ ክፍል ሙዚየም ይኖረው ነበር። የይድነቃቸው ፎቶ፣ የሉቺያኖና የመንግሥቱ ማልያ፣ የ1954ቱ ቡድን ስም ዝርዝር በግድግዳ ላይ። ለዚህ ብዙ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። ወንበሮቹ ሲቀየሩ ደግሞ “ብሎክ ሀ”፣ “ብሎክ ለ” ከማለት ይልቅ “ካታንጋ”፣ “ሚስማር ተራ”፣ “ከማን አንሼ” ተብሎ ቢጻፍ ወጪው ቀለም ብቻ ነው።

እድሳቱ አልቆ በሩ ሲከፈት ምረቃ ይኖራል፤ ንግግርም አይቀርም። ከዚያ ቀን በላይ የሚያሳስበው ግን ከምረቃው በኋላ ያለው ሁለተኛው ዓመት ነው። ሣሩን ማን ያጠጣል? ከገቢው ስንቱ ለጥገና ይቀመጣል? የተሰበረ ወንበር በስንት ቀን ይተካል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ዛሬ በጽሑፍ የተቀመጠ መልስና ተጠያቂ የሆነ ሰው ከሌለ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ዋልያዎቹ “ሜዳቸውን” ፍለጋ እንደገና ፓስፖርት ይዘው መውጣታቸው አይቀርም።